በደሃ ደንብ ስትከሱ ዐቃቤ ሕጉ «ደሃ አይደሉም» ያለ እንደሆነ

ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ላፕቶፕ ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ወይ እኔ ነኝ ወይ የሙያ ባልደረባዬ። ራፖር ጸሐፊ ነኝ፤ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድሮ በታይፕ ነበር የምጽፈው። አሁን ጽፌ በፍላሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እልካለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእስክሪብቶ። ጠበቃ አይደለሁም። የምነግራችሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። አንቀጽ ስጠራ ግን መጽሐፉን ገልጬ ነው።

ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው ብዙው የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ወንድሜ፣ መንግሥትን መክሰስ እፈልጋለሁ፤ ብር ግን የለኝም።» ትንሽ ቆይቶ ይኸው ሰው ተናዶ ይመለሳል። «ዐቃቤ ሕጉ ደሃ አይደለም ብሎ ተቃወመኝ! የኔ ድህነት እሱን ምን አገባው?»

ያገባዋል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ፍርድ ቤት ክስ ስትከፍቱ የዳኝነት ክፍያ አለ። የገንዘብ ክስ ከሆነ ክፍያው የሚሰላው በጠየቃችሁት ገንዘብ ልክ ነው። ብዙ የጠየቀ ብዙ ይከፍላል። እንግዲህ አስቡት። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚጠይቀው ካሳ ትልቅ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ቤቱ በፈረሰ ማግስት ባዶ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ፍርድ የማግኘት መብት አለው ይላል። ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ግን ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አያልፍም። ለዚህ ነው በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ መውጫ ያበጀው። እኛ «በደሃ ደንብ መክሰስ» እንለዋለን።

(በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚታይ የሥራ ክርክር ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ከሥራ ተባርራችሁ ከሆነ የመጣችሁት ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋችሁም።)

«ደሃ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳፍራል። አንድ የጡረታ መምህር «እኔ ደሃ ተብዬ አልፈርምም» ብለውኝ ወረቀቱን ጥለው ሄደዋል። በሕጉ ግን ደሃ ማለት ጎዳና የወደቀ ማለት አይደለም። የተወሰነውን የዳኝነት ክፍያ በሙሉ ወይም በከፊል ለመክፈል በቂ አቅም የሌለው ሰው ማለት ነው። መለኪያው ክፍያው ነው። ቤት እያላችሁ፣ ላም እያላችሁም ለዚህ ክፍያ ደሃ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙውን ነገር የወሰደው ከህንድ ነው፤ ህንዶቹ በ1976 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር «ደሃ» የሚለውን ቃል አውጥተው «አቅም የሌለው ሰው» ብለውታል። እኛ ዘንድ ያው ደሃ ነው። ለመምህሩም ይህንኑ ነገርኳቸው። አልተመለሱም።

አሁን ወደ መንግሥት እንምጣ። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻችሁን አይቶ በዚያው ቀን አይፈቅድም። ወዲያው የሚጣልበት ምክንያት ካላገኘ ቀን ይቆርጣል፤ ለተከሳሹም ያሳውቃል። በዚያ ቀን እናንተ ድህነታችሁን ታስረዳላችሁ፤ ተከሳሹም ማስረጃ ካለው ያፈርሰዋል። ተከሳሹ ቀበሌ ወይም ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ችሎት የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አንዳንዴም የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ። መቃወም መብቱ ነው። እንዲያውም የሚቃወምበት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ ተከሳሽ ነው። ሁለተኛ፣ የማትከፍሉት ገንዘብ የሚገባው የመንግሥት ካዝና ነው። በህንድ ሕግማ ተከሳሹ ጎረቤታችሁ እንኳ ቢሆን ለመንግሥት ጠበቃም ቢያንስ የ10 ቀን ማስታወቂያ እንዲደርሰው ይደረጋል፤ ገንዘቡ የመንግሥት ነዋ።

እኔም ድሮ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አንድ ጥፋት ካጠፋሁ በኋላ ነው የገባኝ።

የዛሬ ስንት ዓመት አንዲት እናት መጡ። ቤታቸው ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጓዳቸውን ደርምሶታል። እሳቸው ቡና ሊያጣጡ ጎረቤት ስለነበሩ ተረፉ። «ምን ምን ንብረት አለዎት እማማ?» አልኳቸው። «ወላሂ ልጄ፣ ምንም የለኝ።» እኔም ሳላጣራ «ምንም ዓይነት ንብረትም ሆነ ገቢ የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ለማንም የምጽፈው ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከላይ ገልብጦ ከታች መለጠፍ።

የቀጠሮው ቀን ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ድምፁም ዝግ ያለ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣ። የቤቱ ካርታ ነው፤ በእማማ ስም። ከዚያ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ከጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ማን ነው የሚኖረው?»

«ተማሪዎች ናቸዋ።»

«ይከፍላሉ?»

«አዎ ልጄ፣ አላህ ይስጣቸው፣ በወሩ መጀመሪያ ይሰጡኛል።»

እማማ አልዋሹም። የዋሸው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ። ያች ኪራይ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሸፍና ለዘይትም አትተርፍም ነበር። ብንጽፈው ኖሮ ዳኛው ያዩት ነበር። ያልተጻፈ ሲገኝ ግን ትንሿም ኪራይ ትልቅ ትሆናለች። ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ። አንዴ ውድቅ ከሆነ ደግሞ ለዚያው ጉዳይ ተመልሶ በደሃ ደንብ ማመልከት የለም። ያለው ምርጫ ከፍሎ መክሰስ ነው። እማማ ከቅሬው (ከዕድራቸው) ተበድረው፣ የእህታቸው ልጅ ጨምራላቸው ከፈሉ። እኔን አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እሱ ነው የባሰው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው።

አንዱ ወረቀት ሁለት ሥራ አለበት

ብዙ ሰው ማመልከቻውን ልመና ያስመስለዋል። «ደሃ ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ» ብሎ ያበቃል። ማመልከቻው ሲፈቀድ ቁጥር ተሰጥቶት ራሱ ክስ ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ክስ ውስጥ የሚገባው ሁሉ አሁን ይግባ፦ ማን ምን አደረሰባችሁ፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ብር ትጠይቃላችሁ፣ ማስረጃችሁ ምንድን ነው፣ ምስክሮቻችሁ እነማን ናቸው። መጨረሻ ላይ የንብረት ዝርዝሩ ይመጣል። ከዚያ «በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ተብሎ ይፈረማል። ይህችን መስመር እንደ ማስዋቢያ አትዩዋት። በእሷ ላይ ፈርሞ የዋሸ ሰው ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ክሱ ራሱ የማያስኬድ ከሆነም ማመልከቻው ይወድቃል። ዐቃቤ ሕጉ ድህነታችሁን ትቶ «የክስ ምክንያት የለውም» ወይም «በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ሊል ይችላል። እንደ እማማ ያለ የጉዳት ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ነው የሚጠየቀው። የቀበሌ ደብዳቤ ስትጠብቁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ሲሆን፣ ማኅተሙ ሲጠፋ ጊዜው ይነጉዳል። ቀኑን ከመጀመሪያው ቁጠሩት። መኪና ጉዳት ካደረሰ ደግሞ ሾፌሩ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሡ።

ማመልከቻውን ራሳችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ዳኛው እዚያው ሊጠይቃችሁ ይችላል። ወንድማችሁን ልካችሁ «እሱ ሁሉን ያውቃል» አይሠራም፤ ከታመማችሁ ወይም መምጣት ካልቻላችሁ ምክንያቱን አስረድታችሁ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዱ።

የንብረት ዝርዝሩ

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ደንበኛዬ ይሰለቻል፤ እኔ ግን አልለቀውም። ባለፈው ከኩታበር በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ግንባታ ድንጋይ በአህያ ሲያቀርብ ከርሞ አልተከፈለውም። የጻፍንለት ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

«አንድ የእንጨትና የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከባለቤቴና ከአራት ልጆቼ ጋር የምኖርበት። በስሜ ደብተር ያለው ሁለት ጥማድ የእርሻ ይዞታ፣ ራሴ የማርሰው፣ ያልተከራየ። አንድ በሬ፤ ጥንዱ የወንድሜ ነው። ሁለት አህያ፣ አንዷ ያረጀች። ሦስት ዶሮ። አንድ ሞባይል፣ ንክኪ ያልሆነ። ባንክ ውስጥ 1,140 ብር።»

ከእያንዳንዱ ጎን ግምቱን አስቀመጥን። ግምት ሲባል ገበያ ላይ ዛሬ የሚያወጣው ነው። በሬውን በግማሽ ዋጋ ልጻፈው ብሎኝ ነበር። «ዐቃቤ ሕጉም እኮ የበሬ ዋጋ ያውቃል» አልኩት፤ ሳቀ፤ በልኩ ጻፍነው።

መሬት ያለው ሰው እዚህ ጋ ይፈራል። «መሬት አለው ይሉኛል» ይላል። ይበሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። ገበሬ ማሳውን ሸጦ የዳኝነት ክፍያ ሊከፍል አይችልም። ያላችሁ የመጠቀም መብት ነው፤ ይህንኑ ጻፉት። ካከራያችሁት ወይም እኩል አራሽ ካስገባችሁበት ግን የምታገኙት ገቢ ነው፤ እሱም ይጻፍ።

በ2014ቱ ጦርነት ደብተሩ፣ ካርታው፣ የልጆቹ ሰርተፊኬት የጠፋበት ብዙ ሰው አለ። ወረቀት ጠፋ ማለት ንብረት የለም ማለት አይደለም። «ካርታው ጠፍቶብኛል፣ ቤቱ ግን አለ» ብላችሁ ጻፉ። መዝገቡ መሥሪያ ቤቱ ጋ ካለ እናንተ ባታመጡትም እነሱ ያመጡታል።

ከዝርዝሩ በታች ወጪያችሁን ጻፉ። ሕጉ በግድ ጻፉ ስላለ አይደለም፤ ዳኛው ገቢያችሁን ብቻ አይቶ እንዳያበቃ ነው። ስንት ሰው ታበላላችሁ፣ መድኃኒቱ በወር ስንት ነው፣ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ካለ ይያያዝ።

ዐቃቤ ሕጉ የሚያነሣው

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአራት አምስት አያልፍም።

አንደኛው የጅዳው ልጅ ነው። ከኬሚሴ እስከ ቆቦ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው ብል አላጋነንኩም። ዐቃቤ ሕጉም የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነ ያውቃል። «ሴት ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ትልክላቸዋለች» ይላል። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። ወይ ልጁን ይክዳል፤ ወይ ተናዶ «የልጄ ገንዘብ የኔ ነው እንዴ?» ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ሐሳቡ ልክ ነው፤ ጩኸቱ ነው የሚያበላሸው። የሚመዘነው የአመልካቹ አቅም ነው፤ ልጅ የራሷ ሰው ናት። ሂሳባችሁ ውስጥ የገባው ብር ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ከመካድ ይልቅ አሳዩ። ባንክ ሄዳችሁ የስድስት ወር ስቴትመንት አውጡ። ለዒድ ወይም ለፋሲካ የገባች ነገር ካለች ትታያለች፤ በሳምንቱ ወጥታ ያለቀችውም ትታያለች። ልጅቷ መላክ ካቆመች ስቴትመንቱ ራሱ ይናገራል። በሰው ስም የሚመጣ ሐዋላ ካለም አትደብቁት። መንደር ውስጥ የማይታወቅ ሐዋላ የለም።

ሁለተኛው ሽያጭ ነው። ልትከሱ ስታስቡ በሬውን ለአማች፣ ቤቱን ለልጅ ማዛወር የመጨረሻው ቂልነት ነው። ደሃ ለመምሰል ብሎ ንብረቱን ያሸሸ ሰው ማመልከቻው ይጣልበታል። እውነተኛ ሽያጭ ከነበረስ? ላሟን ለሕክምና ሸጣችሁ ከሆነ መቼ እንደሸጣችሁ፣ በስንት፣ ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ጻፉ። የሆስፒታሉን ደረሰኝ አያይዙ። ዐቃቤ ሕጉ ላሟን ከማንሣቱ በፊት እናንተ አንሥታችሁታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። «ክፍያ የለህም? ችግር የለም፤ ከተፈረደልህ ሲሶውን ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው ደጃፋችን ላይ አይጠፋም። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ይላል፤ አንዳንዱ ኮትም ለብሷል። እንዲህ ያለ ውል ፈርማችሁ በክሱ ገንዘብ ላይ ለሌላ ሰው ጥቅም ከሰጣችሁ ለማመልከቻው መውደቅ ምክንያት ይሆናል። ሕጉ የሚያስበው ቀላል ነው፤ ከክሱ ሲሶ የሚወስድ ሰው ካለ ክፍያውን እሱ ይክፈል። አትፈርሙ። ፈርማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አራተኛው የቀበሌው ደብዳቤ ነው። «የቀረበው የድህነት ማስረጃ ምን ታይቶ እንደተሰጠ አይገልጽም» ይላል ዐቃቤ ሕጉ። እውነቱን ነው። «ግለሰቡ ደሃ መሆናቸውን እንገልጻለን» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ስንቱን አይቻለሁ። ቀበሌው ስትሄዱ ደብዳቤው የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ሁኔታ፣ የገቢ ምንጭና የተጻፈበት ቀን እንዲኖረው ለምኑ። የምትከሱት ያንኑ ቀበሌ ከሆነ ደብዳቤ መጠየቁ ይከብዳል፤ ያኔ በምስክር ላይ ተደገፉ።

ችሎት

መጀመሪያ ስለ ልብስ። ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም፣ ቡትቶ ፈልጋችሁ አትልበሱ! አንድ ደንበኛዬ የአማቱን የተቀደደ ካፖርት ተውሶ መጥቶ ነበር። እጅጌው እስከ ጣቱ ይደርሳል። ዳኛዋ አይታ ዝም አለች፤ ችሎቱ ግን ሳቀ። ነጠላችሁን አጥባችሁ፣ ኮታችሁን አራግፋችሁ ኑ።

ምስክር ሁለት ይበቃል፤ ሦስት ቢሆን አይጎዳም። አንዱ የቅሬ ዳኛችሁ፣ ማለትም የዕድሩ መሪ፣ ቢሆን እመርጣለሁ። የቅሬ ዳኛ ማን መዋጮ እንደተወለት፣ ማን በዱቤ እንደሚኖር ያውቃል። ምስክሩን ግን አዘጋጁት። ውሸት አስጠኑት እያልኩ አይደለም። «ምስኪን ናቸው፣ ያሳዝናሉ» ማለት ምስክርነት እንዳልሆነ ንገሩት። «ሁለት ዓመት መዋጮ አልከፈሉም፤ መዝገቡ ይኸው። ጤፍ ከኔ ሱቅ በዱቤ ነው የሚወስዱት» ይበል። ያየውን ብቻ። ያላየውን ከተጠየቀ «አላውቅም» ይበል፤ አያሳፍርም።

ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቃችሁ በጠየቀው ልክ መልሱ። «ቤት አለዎት?» ካለ «አለኝ፤ ዝርዝሩ ላይ ተራ ቁጥር አንድ ነው» በሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ያላያችሁትን ወረቀት ካወጣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰነዱን ልየው» ማለት መብታችሁ ነው። መልስ የሚፈልግ ከሆነ ጊዜ ጠይቁ። ዐቃቤ ሕጉን አትሳደቡ፤ ሥራው ነው።

የድንጋዩ ገበሬ ቀን እኔም ጉዳዩን ለማየት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዐቃቤ ሕጉ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «አህያ ሁለት፣ ዶሮ ሦስት ይላል። ሌላ እንስሳ የለህም?» አለ። ሰውየው ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ዶሮዋ እንኳ ሁለት ናት። አንዷን ከትናንት ወዲያ ሸለመጥማጥ በላብኝ።» ዳኛው ቀና አለ። «ይስተካከል» አለና አስመዘገበው። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። በዚያው ቀን ተፈቀደለት።

ከተፈቀደ በኋላ፣ ካልተፈቀደም

ሲፈቀድላችሁ ክፍያው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ ተላለፈ ማለት ነው። ካሸነፋችሁ ፍርድ ቤቱ መከፈል የነበረበትን ያሰላል፤ የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነም ይሰበሰባል። ከተሸነፋችሁ እናንተው እንድትከፍሉ ልትታዘዙ ትችላላችሁ። ይህን ለደንበኛዬ ሳልነግር አልጽፍም። ፎቶ ኮፒው፣ የባጃጁ፣ ምስክር ምሳ የምታበሉበት ከመጀመሪያውም ከኪሳችሁ ነው።

ፈቃዱ በመሐል ሊነሣም ይችላል። አቅም እንዳላችሁ በኋላ ከታወቀ፣ ክርክሩን ሆን ብላችሁ ካጓተታችሁ ወይም ያ የሲሶ ውል ብቅ ካለ ዐቃቤ ሕጉ «ፈቃዱ ይነሣልኝ» ብሎ ሊያመለክት ይችላል። ክሱ እየታየ ውርስ ቢደርሳችሁ ወይም ልጃችሁ ዳጎስ ያለ ብር ብትልክ ሄዳችሁ አሳውቁ።

ካልተፈቀደላችሁ ከመናደዳችሁ በፊት ትዕዛዙን ገልብጡና ምክንያቱን አንብቡ። ክፍያውን የምትከፍሉበት ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በከፊል መክፈል ከቻላችሁ ከመጀመሪያውም ማመልከቻው ላይ «ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ የቀረውን ግን አልችልም» ብላችሁ ጻፉ፤ ሕጉ «በከፊል» የሚለው ለዚህ ነው። ይግባኝ ማለት የምታስቡ ከሆነ በዚያው ሳምንት ሕግ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ሕግ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያሉ ዐቃቤ ሕጎች አቅም ለሌለው ሰው፣ በተለይ ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለአካል ጉዳተኞች በፍትሐ ብሔር ጉዳይ እርዳታ ይሰጣሉ። ተከሳሹ መንግሥት ከሆነ ግን ያው ቢሮ ከወዲያ ማዶ ነው የሚቆመው፤ አንዱ ሰው ሁለት ወገን አይሆንም። ያኔ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሻላል። መምህራኑ ጊዜ ወስደው ያዳምጣሉ። እኔ ጊዜ ወስጄ የማዳምጠው ወረፋ ከሌለ ነው።

ወደ እኔ የምትመጡ ከሆነም ሰኞ አትምጡ። ሰኞ ገበያ ነው፤ ከገጠር የወረደው ሁሉ እህሉን ሸጦ ሲያበቃ እኔ ጋ ነው የሚሰለፈው። ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል። መታወቂያ፣ ስቴትመንት፣ የመድኃኒት ደረሰኝና የቅሬ ዳኛችሁን ስልክ ይዛችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ደግሞ ግቢያችሁን ዞራችሁ ያላችሁን ቁጠሩ፤ ዶሮውም ሳይቀር።